ዘጠኝ ሺህ ኩሎን፦ በገመድ አልባ የቤት ሙቀት ዳሳሽ ውስጥ የባትሪ አጠቃቀም



የዛሬው ገለጻ የሚያጠነጥነው በአንድ አነስተኛ መሣሪያ ላይ ነው። መሣሪያው በክፍል ግድግዳ ላይ ወይም በማቀዝቀዣ አጠገብ ተቀምጦ ሙቀት ይለካል፤ የለካውንም ቁጥር በሬዲዮ ሞገድ ወደ ተቀባይ ይልካል፤ ኃይሉን የሚያገኘው በየሱቁ ከሚሸጡት ሁለት የባትሪ ድንጋዮች ነው። ይህን ዳሳሽ ገጣጥሞ ማስነሣት ዛሬ ከባድ ሥራ አይደለም፤ የሁለተኛ ዓመት የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጨርሰዋል። ከባዱ ሥራ የሰው እጅ ሳይነካው ዓመት እንዲቆይ ማድረግ ነው። በቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ላይ እንከን ያልተገኘበት ዳሳሽ፣ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ በሁለተኛው ቀን ዝም ሲል ያላየ ሠሪ ጥቂት ነው።

ለአንድ ሳሎን ይህ ዝምታ ብዙ ጉዳት የለውም። ይኸው መሣሪያ በክትባት ማቀዝቀዣ ላይ ሲውል ግን ነገሩ ይለወጣል። አብዛኞቹ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ውስጥ መቆየት አለባቸው፤ የአሉሚኒየም ጨው ያለባቸው ደግሞ አንድ ጊዜ በረዶ ከሠሩ ኃይላቸውን ያጣሉ፤ በረዶው ከቀለጠ በኋላ በዓይን መለየቱም ቀላል አይደለም። የዳሳሹ ባትሪ በሌሊት አልቆ ከሆነ፣ ጠዋት የምትመጣው ነርስ ማቀዝቀዣውን በትክክለኛው ሙቀት ላይ ታገኘዋለች፤ በሌሊቱ ምን እንደ ደረሰ ግን የሚነግራት የለም። ስለዚህ የባትሪ ቁጠባ ስንል የድንጋይ መግዣ ገንዘብ ብቻ ማለታችን አይደለም።

በመጀመሪያ የሒሳቡን መለኪያ እንምረጥ። የባትሪን አቅም በሚሊአምፔር-ሰዓት መግለጽ ለምደናል። ለዚህ ሥራ ግን ኩሎን የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ዳሳሹ የሚሠራው በሰከንድ ክፍልፋይ እንጂ በሰዓት አይደለም። አንድ መካከለኛ የአልካላይን ድንጋይ ጅረቱ ዝቅተኛ ሲሆን 2,500 ሚሊአምፔር-ሰዓት ገደማ ይሰጣል። ይህንን በ3.6 ስናባዛው 9,000 ኩሎን እናገኛለን። ሁለት ድንጋዮችን በተከታታይ ስናገናኝ ቮልቴጁ ይደመራል እንጂ ቻርጁ አይጨምርም፤ ሁለትም ሆኑ ሦስት፣ በእጃችን ያለው 9,000 ኩሎን ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ጥያቄ ሁሉ እያንዳንዱ ድርጊት ከዚህ ሒሳብ ላይ ስንት ይቀንሳል የሚለው ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። በተማሪዎች ዘንድ በርካሽነቱ የተወደደው ኢኤስፒ8266 የተባለው የዋይፋይ ቺፕ ነው። ነቅቶ ከራውተር ጋር ሲገናኝ በአማካይ 80 ሚሊአምፔር ይወስዳል እንበል፤ በሚያስተላልፍባት ቅጽበት እስከ 170 ሚሊአምፔር ይዘልቃል። ሁልጊዜ ነቅቶ እንዲቆይ ከተተወ በሰዓት 288 ኩሎን ይበላል፤ 9,000 ኩሎን በ31 ሰዓት ያልቃል። ከላይ የጠቀስሁት የሁለተኛው ቀን ዝምታ ምሥጢሩ ይህ ነው።

መፍትሔው ማስተኛት ነው። ቺፑ ጥልቅ እንቅልፍ በሚባለው ሁኔታ ውስጥ ሲገባ አንጎሉም ሬዲዮውም ይጠፋሉ፤ የሚቆየው ሰዓት ቆጣሪው ብቻ ሲሆን ፍጆታው ወደ 20 ማይክሮአምፔር ይወርዳል። በየ10 ደቂቃው ነቅቶ ለ4 ሰከንድ ከሠራ፣ ለሥራው 320 ሚሊኩሎን፣ ለእንቅልፉ 12 ሚሊኩሎን ያወጣል። ድምሩ 332 ሚሊኩሎን ነው፤ ባትሪውም 188 ቀን ይደርሳል። ከ31 ሰዓት ወደ ስድስት ወር የተሻገርነው ጥቂት የፕሮግራም መስመሮችን በመጻፍና የሰዓት ቆጣሪውን መውጫ ከዳግም ማስነሻው መግቢያ ጋር በአንዲት ሽቦ በማገናኘት ነው።

ይህን ሒሳብ ሠርቶ ወደ ቤቱ የሄደ ተማሪ ግን ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር አያገኝም። ዳሳሹ በሦስተኛው ሳምንት ይሞታል። ምክንያቱ ቺፑ አይደለም፤ ቺፑ የተሸጠበት ሰሌዳ ነው። በርካሽ የልምምድ ሰሌዳዎች ላይ ኤኤምኤስ1117 የተባለ የቮልቴጅ ሬጉሌተር ይገኛል። ይህ ሬጉሌተር ምንም ሥራ ባይኖረውም ለራሱ 5 ሚሊአምፔር ገደማ ይወስዳል። በ10 ደቂቃ ውስጥ 3 ኩሎን ማለት ነው፤ ቺፑ ለሥራና ለእንቅልፍ ከሚያወጣው ከዘጠኝ እጥፍ ይበልጣል። ስድስት ወሩ ወደ 19 ቀን ይወርዳል። በዚያ ላይ ሰሌዳው ኃይል ማግኘቱን ለማሳየት ሌት ተቀን የምትበራ አንዲት ኤልኢዲ አለች። ማንም የማያያት መብራት የቤቱን ሀብት ስትጨርስ መተው አያስፈልግም፤ በመበየጃ ትነሣ። ሬጉሌተሩም በኤምሲፒ1700 ዓይነት ቢተካ የራሱ ፍጆታ ወደ 1.6 ማይክሮአምፔር ይወርዳል። ይህን ነጥብ አጥብቄ የምናገረው ተማሪዎቻችን ፕሮግራሙን ለማሳጠር ሳምንታት ሲደክሙ፣ ሰሌዳውን ገልብጦ ለማየት ግን አንድ ሰዓት ሲሳሱ ስለማይ ነው።

ሰሌዳው ከተስተካከለ በኋላ ትልቁ ወጪ የነቃበት ጊዜ ይሆናል። 4 ሰከንዱ በምን ያልቃል? ሙቀቱን በመለካት አይደለም። ቺፑ በነቃ ቁጥር ራውተሩን ለማግኘት ቻናሎችን አንድ በአንድ ይፈትሻል፤ ከዚያ ማንነቱን ያረጋግጣል፤ ከዚያ የአይፒ አድራሻ እንዲሰጠው ይለምናል፤ ከዚያ ከተቀባዩ ጋር ግንኙነት ይከፍታል። ከአሥር ደቂቃ በፊት ያደረገውን ሁሉ ረስቶ እንደ እንግዳ በር ያንኳኳል። ሊረሳ ግን አይገባም። ኢኤስፒ8266 በጥልቅ እንቅልፍ ጊዜም የማይጠፋ 512 ባይት ማስታወሻ አለው። የራውተሩን መለያና ቻናል እዚያ ብናስቀምጥ ፍለጋው ይቀራል፤ ቋሚ አይፒ አድራሻ ብንሰጠው ልመናው ይቀራል፤ መልእክቱን በዩዲፒ ብንልከው የግንኙነት ምልልሱ ይቀራል። በዚህ መንገድ የነቃበትን ጊዜ ወደ 1 ሰከንድ ማውረድ ይቻላል። ሒሳቡ 80 ሲደመር 12፣ ማለትም 92 ሚሊኩሎን ይሆናል፤ በወረቀት ላይ ከ670 ቀን በላይ ነው።

ዩዲፒ መልእክቱ ለመድረሱ ማረጋገጫ አይሰጥም የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ትክክል ነው። ነገር ግን ለአንድ ክፍል ሙቀት ከመቶ ልኬቶች አንዱ ቢጠፋ ምን ይጎድላል? የሚቀጥለው በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይመጣል። ለክትባቱ ማቀዝቀዣ ይህ መልስ አይበቃም፤ እዚያ ላይ ለማረጋገጫው የሚከፈለውን ሰከንድ መክፈል ይገባል።

አሁን ወደ ፊዚክሱ እንመለስ፤ ከሁሉ የሚልቀው ቁጠባ ያለው እዚያ ነውና። የክፍል ሙቀት ቀስ ብሎ የሚለወጥ ነገር ነው። የግድግዳው ክብደት ሙቀትን ያከማቻል፤ ወፍራም የድንጋይ ወይም የጭቃ ግድግዳ ያለው ክፍል ውጭው ሲሞቅ ከሰዓታት በኋላ ነው የሚሰማው። በየ10 ሰከንዱ የሚለካ ዳሳሽ አንዱን ቁጥር ደጋግሞ ከመላክ በቀር አዲስ ነገር አያመጣም። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ክፍል ግን ሌላ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ሙቀቱ በፍጥነት ይነሣል፤ ለእርሱ 10 ደቂቃም ረጅም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የልኬቱ ጊዜ ከሕንፃው ባሕርይ መነሣት አለበት እንጂ ከሌላ ሰው ፕሮግራም ላይ መገልበጥ የለበትም።

ከዚህ የሚከተል ሌላ ነጥብ አለ። መለካትና መላክ ሁለት የተለያዩ ድርጊቶች ናቸው። ኢኤስፒ8266 ሬዲዮውን ሳያስነሣ እንዲነቃ ማድረግ ይቻላል፤ ያን ጊዜ ፍጆታው 15 ሚሊአምፔር ገደማ ነው። በ0.3 ሰከንድ ለክቶ፣ ቁጥሩን በማስታወሻው ላይ ጽፎ ቢተኛ የሚያወጣው ከ5 ሚሊኩሎን አይበልጥም። በየ10 ደቂቃው እየለካ በሰዓት አንድ ጊዜ ብቻ ቢልክ፣ የአንድ ሰዓት ወጪው ለመላኩ 80፣ ለአምስቱ ልኬቶች 25፣ ለእንቅልፉ 72፣ በድምሩ 177 ሚሊኩሎን ይሆናል። ከአምስት ዓመት በላይ ነው። ልብ በሉ፤ እንቅልፍ ከወጪው አርባ በመቶ ያህሉን ይዟል። ቀደም ሲል ኢምንት የነበረው ቁጥር አሁን ዋና ባለ ዕዳ ሆነ።

ለውጥ ሲኖር ብቻ ላክ የሚል ደንብም አለ፤ ለምሳሌ ካለፈው መልእክት በግማሽ ዲግሪ ሲርቅ። ጥሩ ደንብ ነው፤ ግን አንድ አደጋ አለው። ዳሳሹ ዝም ሲል ሙቀቱ አልተለወጠም ማለት ነው ወይስ ዳሳሹ ሞቷል? ተቀባዩ ሊለይ አይችልም። ስለዚህ ለውጥ ቢኖርም ባይኖርም በተወሰነ ጊዜ አንድ የደኅንነት መልእክት መላክ ግድ ነው፤ የዚህ መልእክት ዋጋ በሒሳቡ ውስጥ አስቀድሞ መግባት አለበት።

ይህ ሁሉ አዲስ አስተሳሰብ አይደለም። በ2002 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው በአሜሪካ ሜይን ግዛት ባሕር ዳርቻ አጠገብ በምትገኘው ግሬት ዳክ ደሴት 32 ገመድ አልባ ዳሳሾችን ተክለው ነበር፤ ዓላማቸው በመሬት ውስጥ የሚፈለፍሉ የባሕር ወፎችን ጎጆ ማጥናት ነበር። ወፎቹን ላለመረበሽ ባትሪ ለመቀየር መመላለስ አይቻልም። የ2,200 ሚሊአምፔር-ሰዓት ባትሪ 9 ወር እንዲቆይ ከተፈለገ በቀን የሚፈቀደው 8 ሚሊአምፔር-ሰዓት ገደማ ነው፤ ንድፉም ከዚህ የቀን ድርሻ ተነሣ። በዚያው ዓመት ዬ፣ ሃይደማንና ኤስትሪን ያቀረቡት ኤስ-ማክ የተባለ የመገናኛ ደንብ ደግሞ ትኩረቱን በከንቱ ማዳመጥ ላይ አድርጓል፤ መልእክት ይመጣ ይሆናል ብሎ ሬዲዮን ከፍቶ መጠበቅ ከመናገር የማይተናነስ ዋጋ እንዳለው ብዙ ሰው አይገምትም። ኤንአርኤፍ24ኤል01 ፕላስ የተባለውን ሬዲዮ ብንመለከት በሙሉ ኃይሉ ሲያስተላልፍ 11.3 ሚሊአምፔር፣ በከፍተኛ ፍጥነቱ ሲያዳምጥ 13.5 ሚሊአምፔር ይወስዳል። ማዳመጥ ከመናገር ይበልጣል። በመሆኑም የቤት ዳሳሽ ሲፈልግ ተናግሮ የሚተኛ እንጂ ጥሪ የሚጠብቅ መሆን የለበትም።

ይህንኑ ሬዲዮ ከኤትሜጋ328ፒ ማይክሮኮንትሮለር ጋር ብናጣምረው ምን እናገኛለን? የቤት ራውተር አያስፈልግም፤ በምትኩ ከግድግዳ ኤሌክትሪክ የሚሠራ አንድ ተቀባይ ያስፈልጋል። ነቅቶ የሚልክበት ጊዜ 20 ሚሊሰከንድ ቢሆንና 15 ሚሊአምፔር ቢወስድ ወጪው 0.3 ሚሊኩሎን ነው። እንቅልፉ በጠቅላላው 7 ማይክሮአምፔር ቢሆን በ10 ደቂቃ 4.2 ሚሊኩሎን ነው። ድምሩ 4.5 ሚሊኩሎን። በ9,000 ኩሎን ሒሳብ ይህ 38 ዓመት ይሰጣል፤ ቁጥሩ ግን ትርጉም የለውም፤ የአልካላይን ድንጋይ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ እንኳ ከአሥር ዓመት ገደማ በላይ ዋስትና አይሰጠውምና። ጠቃሚው ትርጉም ትልቅ ድንጋይ አያስፈልግም የሚል ነው። ሲአር2032 የተባለችው የአዝራር ባትሪ 792 ኩሎን ያህል ትይዛለች፤ ለዚህ ዳሳሽ ከሦስት ዓመት በላይ ትበቃለች። ለኢኤስፒ8266 ግን የአዝራር ባትሪ አይታሰብም፤ የሚጠይቀውን የቅጽበት ጅረት ልትሰጠው አትችልም።

ፍጆታ እዚህ ደረጃ ላይ ሲወርድ የሙቀት መለኪያው ራሱ ወደ ፊት ይመጣል። ታዋቂው ዲኤስ18ቢ20 በ12 ቢት ጥራት ለመለካት እስከ 750 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፤ ጅረቱ 1 ሚሊአምፔር ነው። ስለዚህ አንድ ልኬት እስከ 0.75 ሚሊኩሎን ያስወጣል፤ ከሬዲዮው መልእክት ሁለት እጥፍ ተኩል ማለት ነው! እጅግ ትንሽ ዲግሪ ለማየት የምንከፍለው ይህ ዋጋ ምን ይገዛልናል? የ12 ቢት ደረጃው 0.0625 ዲግሪ ነው፤ የመሣሪያው ትክክለኛነት ግን በግማሽ ዲግሪ ሊስት ይችላል። ወደ 10 ቢት ብናወርደው ደረጃው ሩብ ዲግሪ ይሆናል፣ ጊዜውም ወደ 187.5 ሚሊሰከንድ ይቀንሳል፤ ለቤት ምንም አይጎድልም። ኤስአይ7021 የተባለው መለኪያ ደግሞ ሙቀትን ከ11 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይለካል፤ የአንድ ልኬት ወጪው ከ2 ማይክሮኩሎን በታች ነው። በተጨማሪም እስከ 1.9 ቮልት ድረስ ይሠራል። ዲኤስ18ቢ20 ግን 3 ቮልት ይፈልጋል፤ ሁለት ድንጋዮች ጥቂት እንደ ሠሩ ከዚያ በታች ይወርዳሉ። በተቀባዩ ላይ በድንገት 85 ዲግሪ የሚል ቁጥር ካያችሁ እሳት ተነሣ ብላችሁ አትደንግጡ፤ መለኪያው ገና ሳይለካ ሲነሣ በውስጡ የሚገኘው ቁጥር ነው፤ ብዙ ጊዜ የኃይል ማነስ ወይም በቂ ጊዜ አለመጠበቅ ምልክት ነው።

ዲኤስ18ቢ20ን ግን ፈጽሞ አልጥለውም። ውኃ በማያስገባ የብረት ቱቦ ታሽጎ በረጅም ገመድ ስለሚሸጥ ለማቀዝቀዣ ሥራ ይመረጣል። መለኪያው በውስጥ፣ ሰሌዳውና ባትሪው በውጭ ይሆናሉ። ይህ አቀማመጥ ሁለት ጥቅም አለው፤ በቅዝቃዜ የባትሪው ኬሚካላዊ ሂደት አይዳከምም፤ የማቀዝቀዣው የብረት ግድግዳም ሬዲዮውን አፍኖ መልእክቱን ደጋግሞ እንዲልክ አያስገድደውም። ለቮልቴጁ ሲባል በስም 3.2 ቮልት የሆነውን የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ እመርጣለሁ፤ አብዛኛውን ቻርጁን የሚሰጠው ቮልቴጁ ብዙ ሳይዋዥቅ ነው።

አሁን በእኛ አገር ሁኔታ ከሁሉ አስፈላጊ ወደምለው ነጥብ ልምጣ። እስካሁን የሠራነው ሒሳብ ሁሉ ራውተሩ በርቷል በሚል ግምት ላይ የቆመ ነው። መብራት ሲጠፋስ? ራውተሩ ይጠፋል፤ ዳሳሹ ግን የራሱ ባትሪ ስላለው ይህን አያውቅም። ይነቃል፣ ራውተሩን ይፈልጋል፣ አያገኝም፤ ፕሮግራሙ እስኪገናኝ ጠብቅ የሚል ከሆነ ሳይተኛ መፈለጉን ይቀጥላል። በሰዓት 288 ኩሎን! መብራት ለ10 ሰዓት ቢጠፋ 2,880 ኩሎን፣ የባትሪው ሲሶ ያህል፣ በአንድ ሌሊት ይሄዳል። መብራት በማይጠፋበት አገር የተጻፈ የናሙና ፕሮግራም ለዚህ ጥበቃ ላይኖረው ይችላል፤ ጥፋቱም በጠረጴዛ ሙከራ አይታይም።

ጥበቃው ቀላል ነው። ሙከራው በ5 ሰከንድ ይገደብ፤ አንድ የከሸፈ ሙከራ 400 ሚሊኩሎን ብቻ ያስወጣል። ከዚያ የእንቅልፉ ጊዜ ይረዝም፤ 10 ደቂቃ፣ 20፣ 40፣ ከዚያ በኋላ በየሰዓቱ። በዚህ ሥርዓት የ10 ሰዓት መጥፋት ወደ 12 የከሸፉ ሙከራዎች፣ ማለትም ወደ 5 ኩሎን ይወርዳል። በመካከሉ መለካቱ አይቋረጥም፤ ሬዲዮው ሳይነሣ በየ10 ደቂቃው ይለካል። እያንዳንዱ ቁጥር 2 ባይት ቢይዝ 200 ልኬቶች በ400 ባይት ውስጥ ይገባሉ፤ የ33 ሰዓት መዝገብ ነው። ማቀዝቀዣው አደጋ ላይ የሚወድቀው መብራት በጠፋበት ሰዓት ስለሆነ፣ ከሁሉ የሚፈለጉት ልኬቶች እነዚህ ናቸው። ዳሳሹ ትክክለኛ ሰዓት ባያውቅም፣ ተቀባዩ ከደረሰበት ቅጽበት ወደ ኋላ እየቆጠረ ለእያንዳንዱ ልኬት ጊዜ ሊሰጠው ይችላል። ብዙ ዳሳሾች ባሉበት ቤት መብራት ሲመለስ ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዳይጮኹ የየራሳቸው ትንሽ የዘፈቀደ መዘግየት ቢኖራቸው መልካም ነው።

ስለ ባትሪው ራሱ ጥቂት ልጨምር። 9,000 ኩሎን ያልሁት ድንጋዩ እስከ መጨረሻው ቢሟጠጥ ነው። ኢኤስፒ8266 ከ2.5 ቮልት በታች አይሠራም፤ ሁለት የአልካላይን ድንጋዮች ወደዚያ ሲደርሱ ብዙ ቻርጅ ገና በውስጣቸው አለ። ስለዚህ ከላይ ያሉት ቀናት ጣሪያ እንጂ ተስፋ አይደሉም። ድንጋይ ሲያረጅ ውስጣዊ ተቃውሞውም ይጨምራል፤ በእረፍት ላይ ሲለካ ደኅና የሚመስል ቮልቴጅ፣ ሬዲዮው ሲነሣ በቅጽበት ወርዶ ቺፑን ዳግም ያስነሣዋል፤ ዳግም ሲነሣ እንደገና ሬዲዮውን ያነሣል፤ በዚህ አዙሪት ባትሪው በሰዓታት ያልቃል። ከሬዲዮው አጠገብ የሚቀመጥ 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ይህን ቅጽበታዊ መውረድ ያለዝበዋል። ቮልቴጁም ሬዲዮው በሚሠራበት ጊዜ ተለክቶ ከሙቀቱ ጋር አብሮ ቢላክ፣ ባለቤቱ ከሞት በፊት ማስጠንቀቂያ ያገኛል።

በመጨረሻም ይህ ሁሉ እንዴት ይለካል? ተራ መልቲሜትር አያገለግልም፤ በማይክሮአምፔር ደረጃ ሲቀመጥ የራሱ ተቃውሞ ትልቅ ስለሆነ ዳሳሹ ሊነቃ ሲል ቮልቴጁን ነጥቆ ያስቀረዋል። ለንቃቱ ጊዜ 1 ኦም ሬዚስተር በተከታታይ አስገብቶ በኦሲሎስኮፕ ማየት ይበቃል፤ 80 ሚሊአምፔር 80 ሚሊቮልት ሆኖ ይታያል። በዚያው ሬዚስተር ላይ የእንቅልፉ 20 ማይክሮአምፔር 20 ማይክሮቮልት ብቻ ስለሚሆን አይታይም። ለእንቅልፉ የምመክረው መንገድ ርካሽ ነው። 1,000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር እስከ 3.3 ቮልት ሙሉ፤ ዳሳሹ ከተኛ በኋላ ባትሪውን አላቅቁና በካፓሲተሩ ብቻ ለ10 ሰከንድ ተዉት። ቮልቴጁ በ0.2 ከወረደ 200 ማይክሮኩሎን ሄዷል፤ ጅረቱም 20 ማይክሮአምፔር ነው። ቮልት መለኪያውን በ10 ሰከንዱ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ብቻ ንኩ፤ እርሱም የራሱን ድርሻ ይጠጣልና። ካፓሲተሩም ስለሚያፈስ፣ ዳሳሹ ሳይገናኝ አንድ ጊዜ ለክታችሁ ያን ቁጥር ቀንሱ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልቀበል።